የባሕር ሕፃናት ሲሳይ

በሰሜን አውሮፓ ባሕር ዳር የሚኖሩ አጥማጆች አንዱን ዓመት መረባቸው እስኪቀደድ ድረስ ሄሪንግ የተባለውን ዓሣ ሲስቡ፣ ሌላውን ዓመት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ መረብ ይዘው ሲመለሱ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ የዚህም መፈራረቅ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ አጥማጆቹም ሆኑ ሊቃውንቱ፣ ዓሣው ወደ ሌላ ባሕር ተሰድዶ ይሆናል ከማለት የራቀ መልስ አልነበራቸውም። ዮሐን ዮርት የተባለው የኖርዌይ ሊቅ ግን በ1914 ባሳተመው ሐተታ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ነገሩን ከሥሩ መረመረው። የዓሣውን ቅርፊት በአጉሊ መነጽር እየተመለከተ፣ በቅርፊቱ ላይ የተሣለውን የዕድሜ ክበብ እየቈጠረ፣ በ1904 የተወለደው አንድ ትውልድ ብቻውን ለብዙ ዓመታት መረብ ሲሞላ እንደ ኖረ፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ የተወለዱት ግን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት እንደ ነበሩ አሳየ። ዓሣው የትም አልተሰደደም፤ በሕፃንነቱ አልቆ ነበር።

ዮርት የዕልቂቱ ሰዓት መቼ ይሆን ብሎ ሲያወጣና ሲያወርድ የደረሰበት ግምት፣ ከዕንቁላል የወጣው እጭ እናቱ ስንቅ አድርጋ የሰጠችው አስኳል እስኪያልቅ ድረስ የሚጐድልበት የለም፤ አስኳሉ ባለቀና አፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በተከፈተ ቀን ግን፣ ለዚያ አፍ የሚመጥን ምግብ በዙሪያው ካልተገኘ ይደክማል፣ ከደከመም በኋላ ሲሳይ ቢመጣለት እንኳ አንሥቶ ለመብላት ኀይል አይኖረውም የሚል ነበር። ይህ አሳብ በሰፊው ባሕር ላይ ምን ያህል እንደሚጸና ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ሰው የባሕርን እንስሳ ከዕንቁላል ጀምሮ በገንዳ ለማሳደግ በሞከረበት ስፍራ ሁሉ ግን ጽኑ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ዕንቁላል ማግኘት ቀላል ነበር፤ አንዲት የፓሲፊክ ኦይስተር (ኦይስተር ማለት በሁለት ቅርፊት መካከል የሚኖር፣ ከዓለት ጋር ተጣብቆ የሚያድግ የባሕር እንስሳ ነው) በአንድ ጊዜ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዕንቁላል ትለቅቃለች። አስቸጋሪው ነገር እጮቹ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ምን እንደሚጐርሱ ማወቅ ነበር።

የሚጐርሱት ደቂቅ ዋቅላሚ ነው። ዋቅላሚ፣ በብዙዎች አፍ አልጌ የሚባለው፣ ሥርም ግንድም ቅጠልም ሳይኖረው እንደ ዛፍና እንደ ሣር የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ራሱን የሚመግብ ፍጥረት ነው፤ ደቂቁ ደግሞ መላ አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ ሆኖ፣ መጠኑ የሚሊሜትር አንድ ሺኛ በሆነው በማይክሮሜትር ይለካል። ናኖክሎሮፕሲስ የተባለው ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር፣ አይሶክሪሲስ የተባለው ከ4 እስከ 6 ያህል፣ ቴትራሴልሚስ የተባለው ከ10 የሚበልጥ ነው፤ ዳያተም የሚባሉት ነገዶች ደግሞ ከአሸዋና ከብርጭቆ ባሕርይ ከሆነው ከሲሊካ በተሠራ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ዕፅዋት በማክሰኞ፣ በባሕር የሚላወሱ ፍጥረታት በሐሙስ ተፈጠሩ ይባላልና፣ ሲሳዩ ከተመጋቢው መቅደሙ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በማስፈልፈያውም ቤት ሕጉ ይኸው ነው፤ እንስሳው ዕንቁላሉን ከመጣሉ ከብዙ ቀናት በፊት ዋቅላሚው ተዘርቶ፣ በዝቶ፣ ለመመገብ ደርሶ መገኘት አለበት።

ወደ ደኅና የኦይስተር ማስፈልፈያ የሚገባ እንግዳ ልቡ የሚቸኵለው እንስሳቱን ለማየት ነው፤ አስጐብኚው ግን ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ አስቀድሞ ወደ ዋቅላሚው ክፍል ይወስደዋል። ክፍሉ በቀንም በሌሊትም በነጭ መብራት የተሞላ፣ ንጽሕናው የሕክምና ቤትን ክፍል የሚመስል ነው። በመደርደሪያው ላይ ትንንሽ የብርጭቆ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በውስጣቸው ያለው ውሃ አንዱ ወርቅማ ቡናማ፣ አንዱ እንደ ለጋ ሣር አረንጓዴ፣ አንዱ ደግሞ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላ ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ ሃያ ሊትር የሚይዙ ታላላቅ ጠርሙሶች፣ ከጠርሙሶቹም ወዲያ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ከረጢቶች ቆመው፣ ከሥራቸው በቀጭን ቱቦ የሚገባው አየር ሳያቋርጥ እየፈላ ወደ ላይ ይወጣል። ሠራተኛዋ እጇን ታጥባ፣ የብልቃጡን አፍ በእሳት ነበልባል አሳልፋ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ጥቂት ትቀዳለች፤ ከዚያም አንዲት ጠብታ በመስመር በተከፋፈለ መስታወት ላይ አድርጋ በአጉሊ መነጽር ሥር ሕዋሶቹን ትቈጥራለች። እንግዳው ይህን ሁሉ ሲያይ ወደ እንስሳት ማሳደጊያ መግባቱን ይጠራጠር ይሆናል፤ ነገር ግን የማስፈልፈያው ሕይወት የቆመው በዚህች ክፍል ላይ ነው።

በመደርደሪያው ጥግ ያሉት ታናናሾቹ ብልቃጦች እርሾ ናቸው። የእኛ እናቶች ከቡሖው ጥቂት እርሾ እያስቀሩ ለሚቀጥለው እንጀራ እንደሚያኖሩ፣ የዋቅላሚው ጠባቂም ንጹሑን ዘር ለብቻው እየጠበቀ፣ ከእርሱ ጥቂት ወደ ሩብ ሊትር ብልቃጥ፣ ከዚያም ወደ ሁለት ሊትር፣ ከዚያም ወደ ሃያ ሊትር፣ በመጨረሻም ብዙ መቶ ሊትር ወደሚይዘው ከረጢትና ገንዳ እያሳደገ ያበዛዋል። እርሾው የተበላሸበት ሰው ከዚህ የሚከተለው ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ከተማ የባሕር ምርምር ቤት ውስጥ አለንና ኔልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1910 የባሕር ደቂቃንን በብልቃጥ እንዴት ማራባት እንደሚቻል ገልጸው ጽፈው ነበር፤ በዳያተም እየመገቡም የባሕር ጃርት እጮችን ለማሳደግ ቻሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1920 እና በ1921፣ የብሪታንያ ኦይስተር ባልተለመደ ዕልቂት ተመትቶ ብዙ መስኮች ባዶ ቀሩ፤ እንግዲህ ኦይስተርን በሰው እጅ ማራባት የሊቃውንት ትርፍ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰው እንጀራ ጥያቄ ሆነ። በገንዳ የተፈለፈለው የኦይስተር እጭ ግን አንዳንዴ ያድጋል፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያልቃል፤ ገንዳው ውስጥ በዕድል የበቀለው ዋቅላሚ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማንም አይለይም ነበርና።

ይህን ዕድል ወደ ዕውቀት ከለወጡት አንዷ ሜሪ ፓርክ ናት። በ1908 የተወለደችው ይህች ሴት የሠራችው በአይሪሽ ባሕር መካከል በምትገኘው በማን ደሴት፣ በፖርት ኤሪን መንደር በ1892 በተከፈተው የባሕር ጥናት ጣቢያ ነበር። በ1938 ከጣቢያው የዓሣ ኩሬ ከተቀዳ ውሃ ውስጥ አንዲት ወርቅማ ቡናማ ሕዋስ ለየች፤ ሕዋሷ ጠንካራ ግድግዳ የሌላት፣ በሁለት ጭራ መሰል ክሮች እየቀዘፈች የምትዋኝ፣ ለኦይስተር እጭ ጕሮሮ የምትበቃ ነበረች። ፓርክ ከብሩስና ከማርጀሪ ናይት ጋር ሆና በ1940 ባሳተመችው ጥናት፣ እጮቹ በዚህች ዓይነት እርቃን ሕዋስ ሲመገቡ እንደሚያድጉ፣ ክሎሬላ የተባለውን ጠንካራ ግድግዳ ያለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ሲሰጣቸው ግን እንደማይጠቅማቸው ታወቀ። ሕዋሷ ስሟን ያገኘችው ከዚያም በኋላ ነው፤ ፓርክ በ1949 አይሶክሪሲስ ጋልባና ብላ ሰየመቻት።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ክሎሬላም ሆነ አይሶክሪሲስ በመጠን ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም በጨው ውሃ ይበቅላሉ፤ ለተራ ዐይን ሁለቱም ቀለም ያለው ውሃ ብቻ ናቸው። እጩ ሁለቱንም ይውጣል፤ አንዱ ግን ሆዱ ውስጥ ይፈርስለታል፣ ሌላው እንደ ገባ ይወጣል፤ ስለዚህ በአረንጓዴ ውሃ መካከል በረኃብ የሚሞት ፍጥረት አለ። ለመብል የሚሆነውን ዋቅላሚ ከማይሆነው መለየት ያለ ብዙ ዓመት ትዕግሥት የሚገኝ አልነበረም፤ በዌልስ አገር በኮንዊ የሠራው ዎልን በ1970 ባወጣው ጥናት የ19 ወገን ዋቅላሚዎችን የምግብነት ዋጋ አንድ በአንድ በትንንሽ ኦይስተሮችና በመሰሎቻቸው ላይ መዝኖ እንዳሳየው። የሜሪ ፓርክን ስም ዛሬ ከባሕር ሊቃውንት ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ በ1972 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆና ብትመረጥም፣ በፕሊመዝ የዋቅላሚ ዘሮችን ማኖሪያ ብታቋቁምም፣ የፖርት ኤሪኗ ሕዋስ ዘር በዓለም ዙሪያ ያሉ ማስፈልፈያዎችን ቢመግብም። የፖርት ኤሪን ጣቢያ በ2006 ተዘግቷል፤ ዘሯ ግን በየማኖሪያው እየተገለበጠ ይኖራል።

በአሜሪካም በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር በሚልፎርድ ከተማ፣ በኪየቭ ተወልዶ የሩስያን አብዮት ሸሽቶ የመጣው ቪክቶር ሉሳኖፍና የሥራ ባልደረባው ሃሪ ዴቪስ በዚሁ መንገድ ተጓዙ። ሉሳኖፍ የክረምት ብርድ ያደነዘዘውን ኦይስተር በሞቀ ውሃ እያኖረ ያለ ወቅቱ ዕንቁላል እንዲያፈራ አደረገ፤ ይህም ማስፈልፈያው ዓመቱን ሙሉ እንዲሠራ በር ከፈተ። ነገር ግን በጥር ወር የተወለደ እጭ በጥር ወር ይርበዋል፤ ባሕሩ በዚያን ጊዜ ባዶ ስለ ሆነ ሲሳዩ ሁሉ ከብልቃጥ መምጣት ነበረበት።

ዋቅላሚው ራሱስ ምን ይበላል? ብርሃንና አየር ብቻ አይበቃውም፤ እንደ እርሻ ሰብል ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይፈልጋል፣ ዳያተም ከሆነም ለቤቱ ሲሊካ ይሻል። የቀድሞዎቹ አራቢዎች የባሕሩን ውሃ በእነዚህ ካበለጸጉ በኋላ ከአትክልት ስፍራ የተወሰደ አፈር ቀቅለው ጭማቂውን ይጨምሩበት ነበር፤ ያለ እርሱ ብዙው ዘር አይበቅልላቸውም፣ ለምን እንደ ሆነ ግን በወጉ አልታወቀም ነበር። ኋላ እንደ ተገለጠው፣ አፈሩ ይሰጥ የነበረው እንደ ብረት ያሉ በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ማዕድናትንና ቫይታሚኖችን ነበር፤ ብዙዎቹ ዋቅላሚዎች ቫይታሚን ቢ12ን ራሳቸው ማዘጋጀት አይችሉምና። ሮበርት ጊያር የተባለው አሜሪካዊ በ1962 ከራይዘር ጋር ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ ሁሉ መጠኑ የታወቀ ቀመር ወጣለት፤ ከዚያ ቀመር በግማሽ የቀጠነው «ኤፍ በሁለት» የተባለው ማዳበሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በየማስፈልፈያው ይሠራበታል። ከማይታወቅ አፈር ወደሚመዘን ቀመር የተደረገው ይህ ጕዞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለባሕር እርባታ ከታላላቆቹ ገንዳዎችና ከመኪናዎቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

ከዚህ ቀደም ብሎ በጃፓን ሞቶሳኩ ፉጂናጋ የተባለው ሊቅ ኩሩማ የሚባለውን ሽሪምፕ ከዕንቁላል ለማሳደግ ይደክም ነበር። የሽሪምፕ እጭ አስተዳደግ እንደ መሰላል በእርከን የተከፈለ ነው፦ መጀመሪያ ናውፕሊየስ ይባላል፣ ስድስት ጊዜ ቆዳውን እየቀየረ ምንም ሳይበላ በአስኳሉ ይኖራል፤ ቀጥሎ ዞኢያ ሲሆን አፉ ይከፈታል፣ ከዚያም ማይሲስ፣ ከዚያም እናቱን የሚመስል ትንሽ ሽሪምፕ ይሆናል። ናውፕሊየሱን ማግኘት የቻለ ሰው ሁሉ ዞኢያው ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ ይቀራል፤ ዞኢያ ሳያቋርጥ የሚበላ፣ ረኃብን ለአንድ ቀን እንኳ መታገሥ የማይችል ፍጥረት ነውና። ፉጂናጋ በ1942 ባሳተመው ጥናት ለዚህ ዞኢያ ስኬሌቶኔማ የተባለውን በሰንሰለት ተያይዞ የሚያድግ ዳያተም እየመገበ እጩን እንዳሳደገው ገለጸ። ከእርሱ ዘንድ የተማረው ሊያው ኢቺው በ1968 በታይዋን ጥቁር ነብር የሚባለውን ሽሪምፕ ከዕንቁላል ለማሳደግ በቃ፤ ዛሬ በእስያና በላቲን አሜሪካ ዳርቻ የሚታየው የሽሪምፕ እርባታ ሁሉ በዚያች የዞኢያ ቀን በተገኘው ዳያተም በኩል ያለፈ ነው።

የዓሣው ነገር ደግሞ አንድ እርከን ይጨምራል። የባሕር ዓሣ እጭ አዳኝ ሆኖ የሚወለድ ስለ ሆነ ዋቅላሚውን በቀጥታ አይጠግብበትም፤ በፊቱ የሚንቀሳቀስ ነፍስ ያለው ነገር ይፈልጋል። በጃፓን የኢል ዓሣ ኩሬዎች ውስጥ ሮቲፈር የተባለች፣ ከሚሊሜትር ሲሶ የማትበልጥ እንስሳ እየተነሣች የኩሬውን ዋቅላሚ ስለምትበላ አራቢዎቹ እንደ ጠላት ይቈጥሯት ነበር፤ ታካሺ ኢቶ ግን በ1960 ይህችን ጠላት ለባሕር ዓሣ እጭ የመጀመሪያ ጕርሻ አደረጋት። ከሮቲፈሯ በኋላ፣ የእጩ አፍ ሲሰፋ፣ አርቴሚያ የምትባለው የጨው ሐይቅ እንስሳ ትከተላለች፤ ደረቅ ዕንቁላሏ በአሜሪካ በዩታ ካለው ከታላቁ የጨው ሐይቅ በብዛት ይሰበሰባል። ቢሆንም ሮቲፈሯ ራሷ የምትመገበው ናኖክሎሮፕሲስንና መሰሎቹን ነው፤ እጩ የሚውጠው የሮቲፈሯን ሥጋ ብቻ ሳይሆን በሆዷ ያለውን ዋቅላሚም ነው።

የዚህም ምሥጢር በቅባቱ ላይ ይገኛል። ኦሜጋ 3 ከሚባሉት ቅባቶች ኢፒኤና ዲኤችኤ የተባሉት ሁለቱ ለባሕር እጮች የግድ ያስፈልጋሉ፤ የባሕር ዓሣ እጭ እነዚህን ከሌላ ቅባት በበቂ መጠን ማዘጋጀት ስለማይችል ከሚበላው ማግኘት አለበት። ዲኤችኤ የሚከማቸው በአንጎልና በዐይን ብሌን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ነው፤ ይህ ቅባት በምግቡ የጐደለበት ወጣት ሄሪንግ በደብዛዛ ብርሃን ምርኮውን ማየት እንደሚሳነው ተመርምሮ ታይቷል። አይሶክሪሲስ በዲኤችኤ ባለጸጋ ናት፣ ዳያተሞች በኢፒኤ፤ ናኖክሎሮፕሲስ ኢፒኤ ሞልቶት ዲኤችኤ ይጐድለዋል፤ ዱናሊዬላ የተባለው ግን በቀላሉ የሚበቅል ቢሆንም ሁለቱንም አጥቶ ይገኛል። ብልህ አራቢ እንግዲህ አንዱን ዘር ብቻ አይሰጥም፤ ወርቅማውን ከዳያተሙ ጋር ቀላቅሎ ያቀርባል፣ የአንዱን ጕድለት በሌላው ምልአት ይሸፍናል። ሰዎችም ለጤናችን ብለን የምንሻው የዓሣ ዘይት መነሻው ዋቅላሚው መሆኑን በዚህ ላይ ማስታወስ ያሻል።

አሁን ወደ ማስፈልፈያው ሥራ እንመለስ። አንድ ሺሕ ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ያሉ የኦይስተር እጮች በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውሃ 100,000 ሕዋስ እንዲያገኙ ቢታሰብ፣ ለአንድ ጊዜ ምግብ 100 ቢሊዮን ሕዋስ ያስፈልጋል፤ ዋቅላሚው በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊዮን ሕዋስ እስኪደርስ በርትቶ ከተራባ ይህ ሁሉ በ10 ሊትር ውስጥ ይገኛል። እጩ ወደ ትንሽ ኦይስተርነት ሲለወጥ ግን የሚበላው እጅግ እየበዛ ስለሚሄድ አሥር ሊትሩ በአሥርና በመቶ እጥፍ ያድጋል። የሚዘራበት የባሕር ውሃ አንድ ማይክሮሜትር በሚያህል ቀዳዳ ተጣርቶ፣ በሙቀት ወይም በክሎሪን ነጽቶ፣ ክሎሪኑም በመድኃኒት ከስሞ ይዘጋጃል፤ ሙቀቱ ለብዙዎቹ ዘሮች ከ18 እስከ 24 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከአየሩም ጋር ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደባለቃል። ለሞቃት አገር የሚሆን ዘር ደግሞ በ1977 ከፈረንሳይ ፖሊኔዥያ፣ ከማታይቫ ደሴት ተገኝቶ ነበር፤ በ2013 ቲሶክሪሲስ ሉቴያ የተባለ አዲስ ስም ተሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሥራው በአንዲት ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ሲሊየት ከሚባሉት ባለ ፀጉር ደቂቃን አንዷ በአየር ቱቦው ወይም ባልነጻ እጅ በኩል ከገባች ዋቅላሚውን እየበላች ትበዛለች፤ ማታ ቀለሙ ያማረ ከረጢት ጧት ገርጥቶ፣ አረፋ ይዞ፣ ሕዋሶቹ ከሥሩ ዘቅጠው ይገኛል። ዋቅላሚው በዕድሜ ብዛትም ይሞታል፤ ለምግብ የሚበጀው በብርታት በሚራባባቸው ቀናት ነው፣ መራባቱን ካቆመ በኋላ የቅባቱ ዓይነት ይለወጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ጠባቂዋ እንግዲህ በዓልም እሑድም የላትም፤ በየጧቱ መቅዳት፣ መቍጠር፣ ማሸተት፣ በአጉሊ መነጽር መመልከት አለባት። በመጨረሻም የሥራዋን ፍሬ የምታየው በእጩ ላይ ነው፤ የኦይስተር እጭ ቅርፊቱ ብርሃን አስተላላፊ ስለ ሆነ፣ በልቶ ከጠገበ ሆዱ ወርቅማ ቡናማ ሆኖ ከውጭ ይታያል፣ ከተራበም ባዶ ሆኖ ይታያል። በዚህ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የተመገበ እጭ ጥቁር የዐይን ነጥብ ያወጣል፣ እግር ያበቅላል፣ መኖሪያውንም መርጦ ለዘለቄታው ይጣበቃል።

ወጪው ቀላል አይደለም። በማስፈልፈያዎች ላይ የተደረገ ጥናት የዋቅላሚ ማራባት ከሥራው ወጪ በአማካይ 30 በመቶ ያህሉን እንደሚወስድ አመልክቷል። ስለዚህ ባለሀብቶች ይህችን ክፍል ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል፤ የደረቀ ዋቅላሚ፣ እርሾ፣ በኬሚስቶች የተቀመመ ደቂቅ እንክብል ተሞክሯል። በማዕከል ተራብቶ፣ ወፍሮ፣ በብርድ ተጠብቆ የሚላከው የዋቅላሚ ሊጥ ለሮቲፈር መመገቢያ በውነት ጠቅሟል፣ ያንን ማመስገን ይገባል። ለኦይስተርና ለመሰሎቹ እጮች ግን ሕያው ዋቅላሚን ፈጽሞ የሚተካ ነገር በማስፈልፈያው ሥራ ላይ አልጸናም።

እኔም ይህን የምጽፈው የባሕር እርባታ በሚስፋፋበት ዘመን በጀት የሚደለድሉ ሰዎች ዐይናቸው ወደ ታላላቁ ገንዳና ወደ ባሕሩ መረብ እንደሚሄድ፣ የብልቃጡ ክፍል ግን በመጨረሻ እንደሚታሰብ ስለማይ ነው። የባሕር ማስፈልፈያ ለማቋቋም የሚያስብ መንግሥትም ሆነ ነጋዴ፣ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለዋቅላሚው ክፍል ይመድብ፤ የመጀመሪያውንም ደመወዝ ዘር ለይቶ መጠበቅ ለሚችል፣ ንጽሕናን ለማይሰለች ሰው ይስጥ፤ ገንዳውን ከዚያ በኋላ ይሥራ።